የገበያው ሚዛንና የቤቱ ሚዛን፤ ለቤት ቪዲዮ ማሰናጃና ለመጠባበቂያ ቅጂ የሚሆን የጠረጴዛ ኮምፒዩተር አመራረጥ ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

በአዲስ አበባ ወደ አንድ የኮምፒዩተር ሱቅ ገብቶ «ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚሆን ዴስክቶፕ አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ አጭር ነው፤ «ኮር አይ ሰቨን ነው፤ ምንም አያቅተውም» ይባላል። ገዢውም የሰማውን ስም ይዞ ወደ ሁለተኛው ሱቅ ይሄዳል፤ በዚያም ያንኑ ስም በጥቂት ብር ቅናሽ ያገኘ እንደ ሆነ ይገዛል። ሻጩ፥ ገዢው በቤቱ ምን ያህል ቪዲዮ እንዳለው፥ ቪዲዮውም በምን ዐይነት ካሜራ እንደ ተቀረጸ፥ ኮምፒዩተሩ አንድ ቀን ቢበላሽ በውስጡ የተቀመጠው ነገር ከየት እንደሚገኝ አይጠይቅም። ገዢውም እነዚህን ነገሮች አያነሣም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የአመራረጥ ልማድ መመርመርና መተቸት ነው። ትችቱ ያነጣጠረው በአንድ ሱቅ ወይም በአንድ ነጋዴ ላይ ሳይሆን፥ ሻጩ፥ ገዢውና ምክር የምንጠየቀው እኛ ተማሪዎች በጋራ በተቀበልነው ሚዛን ላይ ነው። ክርክሬም በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ገበያው ኮምፒዩተርን የሚመዝነው በፕሮሰሰሩ ስም ነው፤ ቤት ግን መመዘን የሚገባው በሚያስቀምጠው ነገር መጠን፥ በቪዲዮው ዐይነትና በቅጂው ብዛት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ይህን ርእስ እንድመርጥ ያደረገኝ በቤተ ዘመዳችን የደረሰ ነገር ነው። አጎቴ ለብዙ ዓመታት ያኖራቸው 11 የቪዲዮ ካሴቶች ነበሩት፤ በነሱም ላይ የራሱ ሠርግ፥ የእኅቱ ልጆች ክርስትና፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሴት አያቴ መልክና ድምፅ ተቀርጾ ነበር። ካሴቶቹን ወደ ፋይል አስገለበጠና ለዚሁ ሥራ ብሎ አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛ። ሻጩም እንደ ልማዱ «ኮር አይ ሰቨን» አለው። ፋይሎቹ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ከተቀመጡ በኋላ ካሴቶቹ ቦታ ያጣብባሉ ተብለው ተጣሉ። ከ14 ወር በኋላ በውስጡ የነበረው ብቸኛ ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ዠመረ፤ በሦስተኛው ቀን ጨርሶ ዝም አለ። ከ11ዱ ካሴቶች የተረፉት የ2ቱ ፋይሎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም የተረፉት አንዲት የአክስቴ ልጅ አዳማ ወስዳ ለባሏ ቤተ ሰብ ለማሳየት በፍላሽ ገልብጣቸው ስለ ነበር ነው። ስለዚህ የተያዘው ጉዳይ የዕቃ ምርጫ ብቻ መስሎ ቢታይም፥ በምርጫው ስሕተት የሚጠፋው ነገር በገንዘብ የማይመለስ ነው።

1. ስለ ፕሮሰሰሩ ስም

«ኮር አይ ሰቨን» የሚለው ስም በገበያ ላይ የዋለው በ2008 ነው። ከዚያ ወዲህ ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በየጊዜው አዲስ ትውልድ፥ ነጋዴዎቻችን «ጀነሬሽን» የሚሉትን፥ ሲያወጣ ኖሯል፤ ስሙ ግን ያው ነበር። በ2023 መጨረሻ ኩባንያው በአዲሶቹ ላይ «አይ» የምትለውን ፊደል መተው ሲዠምር፥ ስሙ 15 ዓመት ያህል የተለያዩ መኪናዎችን ሲሸፍን ቆይቶ ነበር። እንዲህ ያለ ስም ሚዛን ሊሆን አይችልም።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ሁለት ፕሮሰሰሮችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንደኛው በ2011 የወጣው ኮር አይ ሰቨን 2600 ነው፤ ሁለተኛው በ2022 የወጣው ኮር አይ ስሪ 12100 ነው። ሁለቱም አራት አራት ኮርና ስምንት ስምንት ትሬድ አላቸው። በስም የተመለከተ ሰው የመጀመሪያው «ሰባት»፥ የኋለኛው «ሦስት» ነው ብሎ ፊተኛውን ይመርጣል። በሥራ ሲፈተኑ ግን ኋለኛው እጅግ ይቀድማል፤ እያንዳንዱ ኮር በአንድ ጊዜ የሚፈጽመው ሥራ ይበልጣል፥ አብሮት የሚሠራው ራም ፈጣን ነው፥ ከዚህ በታች የምንመለስበት የቪዲዮ መፍቻ ክፍሉም አዳዲሶቹን የቪዲዮ ዐይነቶች ያውቃል። ሦስት፥ አምስትና ሰባት የሚሉት ቁጥሮች የተሰጡት በአንድ ትውልድ ውስጥ ወንድማማቾችን ለማበላለጥ ነው፤ አያትንና የልጅ ልጅን ለማወዳደር አይረዱም።

ገዢው ማንበብ የሚገባው ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ረዥሙን ቁጥር ነው። 2600 ሁለተኛ ትውልድ፥ 8500 ስምንተኛ ትውልድ፥ 12100 ዐሥራ ሁለተኛ ትውልድ ማለት ነው። በቁጥሩ መጨረሻ «ኤፍ» የምትል ፊደል ካለች ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ስለ ሆነ፥ ያለ ተጨማሪ ካርድ በስክሪን ላይ ምንም አያሳይም፤ ለቪዲዮ የሚጠቅመው የኢንቴል መፍቻም አብሮ ይቀራል። ይህን ለማየት መሣሪያም ሆነ ዕውቀት አያስፈልግም፤ ኮምፒዩተሩን አስነሥቶ የሲስተሙን መረጃ መክፈት ይበቃል።

በዚህ ላይ ሌላ ወሰን ተጨምሯል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 በደንቡ መሠረት ከጥቂቶች በቀር ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የወጡትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ብቻ ይቀበላል። አሮጌው ኮምፒዩተር መሥራቱን አላቆመም፤ ሊኑክስ ለሚያውቅ ሰውም በዚያ ላይ ኬደንላይቭንና ሾትካትን የመሳሰሉ ነጻ የቪዲዮ ማሰናጃዎች ይገኛሉ። ነገር ግን ዊንዶውስን ብቻ ለሚያውቅ ቤተ ሰብ ከስምንተኛ ትውልድ በታች የሆነ ዴስክቶፕ ዛሬ መግዛት፥ የጥበቃ ማሻሻያ በማያገኝ መኪና ላይ የቤተ ሰብ መዝገብ ማኖር ይሆናል።

ለነጋዴው ፍትሕ መስጠት ይገባናል። ስሙን የሚጠራው ገዢው ስሙን ብቻ ስለሚጠይቅ ነው፤ ስለ ትውልዱ የተጠየቀ ሻጭ ብዙውን ጊዜ ሳይደብቅ ይናገራል። ጉድለቱ በጥያቄው ላይ ነው።

2. ስለ ቪዲዮው ዐይነት

ሁለተኛው የልማዱ ጉድለት «ቪዲዮ» ሁሉ አንድ እንደ ሆነ መቁጠሩ ነው። ካሜራ እያንዳንዱን ምስል ሙሉውን አያስቀምጥም፤ አንዱን ሙሉ አድርጎ ካስቀመጠ በኋላ በሚቀጥሉት ላይ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በመካከል ያለውን አንድ ምስል ለማሳየት ወደ ኋላ ተመልሶ ከሙሉው ምስል ዠምሮ ማስላት አለበት። ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ ቀላል ነው፤ ቪዲዮ የሚያሰናዳ ሰው ግን በየደቂቃው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳልና ሸክሙ ይበዛል።

ይህ የማመቂያ ዘዴ እንደየዘመኑ ይለያያል። ኤች 264 የሚባለው በ2003፥ ኤች 265 የሚባለው በ2013 ወጡ። ኋለኛው ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ቪዲዮ በግማሽ ያህል ቦታ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ሲሆን፥ በምትኩ መፍታቱ ብዙ ስሌት ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት የፕሮሰሰርና የግራፊክስ ካርድ ሠሪዎች ለዚሁ ሥራ ብቻ የተለየ የመፍቻ ክፍል ይጨምራሉ። ኢንቴል ይህን ክፍል በ2011 አስገባ፤ ሆኖም ኤች 265ን መፍታት የቻለው በስድስተኛው ትውልድ በ2015፥ የ10 ቢት ቀለም ያለውን ኤች 265 ደግሞ በሰባተኛው ትውልድ በ2017 ነው። በሌላ በኩል የአፕል ስልኮች ከ2017 ዠምረው በኤች 265 ይቀርጻሉ፤ ከ2020 ወዲህ የወጡት ደግሞ የ10 ቢት ቀለም መቅረጽ ችለዋል።

እነዚህን ዓመታት ጎን ለጎን ያየ ሰው በአጎቴ ቤት የሆነውን ወዲያው ይረዳል። ሁለተኛ ትውልድ የሆነው የ2011ዱ ኮር አይ ሰቨን የካሴቶቹን ቪዲዮ ያለ ችግር ያሰናዳ ነበር። አንድ ቀን ግን የእኅቱ ልጅ የመልስ ግብዣ በአዲስ ስልክ ተቀርጾ መጣ። ኮምፒዩተሩ ድምፁን እያሰማ ምስሉን አንድ ቦታ ላይ አቆመው፤ በቀጠለም ጊዜ ዘለለ። ምክር የተጠየቀው ነጋዴ ግራፊክስ ካርድ እንዲገዛ ነገረው። ዴስክቶፑ ግን ከቢሮ የወጣ ትንሽ ቀፎ ስለ ነበረ ቁመተ አጭር ካርድ እንጂ ሌላ አይገባበትም፤ የኀይል ሰጪውም ክፍል ለትልቅ ካርድ የሚሆን ዋት አልነበረውም። ያንኑ ገንዘብ አስቀድሞ በስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ላይ አውሎት ቢሆን ኖሮ ካርዱ ባላስፈለገ ነበር።

ውድ ካርድም ቢሆን ሁልጊዜ መድኀኒት አይደለም። ብዙ የሠርግ ቀራጮች የሚጠቀሙባቸው አዳዲስ ካሜራዎች አራት ሁለት ሁለት በሚባለው የቀለም አመዘጋገብ በ10 ቢት ኤች 265 ይቀርጻሉ። ይህን ዐይነት የኢንቴል የጠረጴዛ ፕሮሰሰሮች ከዐሥራ አንደኛው ትውልድ፥ ከ2021 ዠምሮ ሲፈቱ፥ የኤንቪዲያ ካርዶች መፍታት የዠመሩት በ2025 በወጣው የ50 ተከታታይ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት በወጣ ውድ የኤንቪዲያ ካርድ ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው፥ በዚህ በአንድ ሥራ ርካሹ የፕሮሰሰር ግራፊክስ ይበልጠዋል።

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ገዢውን ሊያስፈራው አይገባም፤ ለደካማ ኮምፒዩተር የተበጀ ዘዴ አለና። ፕሮክሲ ይባላል። ፕሮግራሙ ከትልቁ ቪዲዮ ትንሽና ቀላል ጊዜያዊ ቅጂ ይሠራል፤ ሰውየው በትንሹ ላይ ይቆርጣል፥ ይቀጥላል፤ በመጨረሻ ሥራው ሲወጣ ፕሮግራሙ ወደ ዋናው ተመልሶ በሙሉ ጥራት ያወጣዋል። ኬደንላይቭ፥ ሾትካትና ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይህን ሁሉም ያደርጋሉ። ዘዴው ጊዜና የማከማቻ ቦታ ይወስዳል እንጂ ብር አይወስድም። 16 ጊጋባይት ራም ያለው የስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ በዚህ መንገድ የስልክን ፎርኬ ቪዲዮ ያሰናዳል። 8 ጊጋባይት ራም ግን ለዛሬ ፕሮግራሞች ጠባብ ነው፤ ፎርኬ ዘወትር ለሚሠራ 32 ጊጋባይት ይመረጣል።

በተቃራኒው፥ በቤቱ ያለው የሚኒ ዲቪ ካሴት ብቻ የሆነ ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። በአገራችን በተለመደው የፓል ሥርዐት የዚህ ካሴት ምስል 720 በ576 ነጥብ ብቻ ነውና አሮጌ ኮምፒዩተርም ይችለዋል። እንግዲህ «ለቪዲዮ ይሆናል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ፥ «ለየትኛው ቪዲዮ?» ብሎ መልሶ የማይጠይቅ መካሪ ሁሉ፥ እኛንም ጨምሮ፥ በግምት ይመልሳል ማለት ነው።

3. ስለ ማከማቻው

የቤት ምርጫ መዠመር ያለበት ከሱቅ ሳይሆን ከቁም ሣጥን ነው፤ ይኸውም በቤቱ ያለውን ቪዲዮ በሰዓት ከመቁጠር ነው። ሚኒ ዲቪ ካሴት በሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። አፕል ራሱ እንደሚገልጸው የስልኩ ፎርኬ ቪዲዮ በሴኮንድ 30 ምስል ሲቀረጽ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ይህም በሰዓት 10.2 ጊጋባይት ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ ደግሞ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። አንድ ቤተ ሰብ 40 ሰዓት የካሴትና 30 ሰዓት የስልክ ቪዲዮ ቢኖረው፥ 520 እና 306 ተደምሮ 826 ጊጋባይት ይሆናል። በዚህ ላይ ፕሮክሲዎቹና የተሰናዱት ሥራዎች ሲታከሉ ባለ 1 ቴራባይቱ ዲስክ ከመጀመሪያው ቀን የጠበበ ነው። ይህን ስሌት አንድ ሰው በእጁ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ሳይሠራው ግን ስንት ሰው ይገዛል!

ፍጥነትም እንደ መጠኑ ሊታሰብ ይገባል። ተራ ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ 150 ሜጋባይት ያህል ሲያነብ፥ ሳታ ኤስኤስዲ ወደ 550 ይደርሳል፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ከዚያም በብዙ እጥፍ ያልፋል። ስለዚህ ሲስተሙና በእጅ ያለው ሥራ በኤስኤስዲ ላይ፥ ያለቀውና የሚቀመጠው በሃርድ ዲስክ ላይ ቢሆን ገንዘቡ በአግባቡ ይውላል። ቅጂ የሚደረግበትም ቀዳዳ ልዩነት ያመጣል። ያንኑ 826 ጊጋባይት በአሮጌው ዩኤስቢ 2፥ በሴኮንድ 35 ሜጋባይት ለመገልበጥ ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በዩኤስቢ 3 ግን ዲስኩ ራሱ በሚችለው ፍጥነት በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃል። ስድስት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ሥራ፥ መብራትም ሊጠፋ በሚችልበት ቤት፥ ነገ ነገ እየተባለ መቅረቱ የታወቀ ነው።

በዚህ አንቀጽ ከሁሉ የበለጠ ትችት የሚገባው «ዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ» የሚለው አነጋገር ነው። በአገራችን ኮምፒዩተር የሚያሰናዱ ሰዎች አንዱን ዲስክ ለሁለት ይከፍሉና «ሲ» ለሲስተሙ፥ «ዲ» ለፋይል ይላሉ። ይህ ዊንዶውስ ሲበላሽና እንደ ገና ሲጫን ፋይሉ እንዳይነካ ይረዳል፤ እስከዚያ ድረስ ብልኅነት ነው። ነገር ግን ከጊዜ ብዛት «ዲ» የደኅንነት ስም ሆኖ ቀረ። ሲም ዲም በአንድ ዲስክ ላይ የተሠመሩ ሁለት መደቦች እንደ መሆናቸው፥ ዲስኩ በሞተ ጊዜ አብረው ይሞታሉ። አጎቴም ያለቀሰው በዚህ ነው፤ «ዲ ላይ ነበር እኮ!» ይል ነበር።

4. ስለ መጠባበቂያ ቅጂ

ባክአፕ ማለት ዋናው ቢጠፋ የማይጠፋ ሌላ ቅጂ ማለት ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስፋፋው የ3፥ 2፥ 1 ደንብ በዓለም ላይ የታወቀ ነው፤ 3 ቅጂ ይኑር፥ በ2 ዐይነት ማከማቻ ይቀመጥ፥ 1ዱ ከቤት ውጭ ይሁን ይላል። አባቶቻችን «አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ሲሉ ከዚህ የራቀ ነገር አልተናገሩም።

በዚህ ደንብ ላይ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ ዲስክ እምብዛም አይሞትም የሚለው ነው። ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ዲስኮቹን መዝገብ ከ2013 ዠምሮ ሲገልጽ ቆይቷል፤ በ2023 በዓመት ውስጥ የተበላሹት ከመቶ 1.4 ያህል ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ኩባንያው አንዱ ሲሞት ሌላው የሚተካባቸው ብዙ ዲስኮች ስላሉት ይህን ቁጥር እንደ ወጪ ይቈጥረዋል፤ አንድ ዲስክ ብቻ ላለው ቤተ ሰብ ግን ዕጣው ሲወጣ የሚጠፋው ከመቶ አንድ ሳይሆን መቶው ነው። የዚያ ኩባንያ ዲስኮች የሚኖሩት ቀዝቃዛና ኤሌክትሪኩ በተጠበቀ አዳራሽ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

የታወቀ አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በ1998 ፒክሳር የተባለው የፊልም ድርጅት «ቶይ ስቶሪ 2»ን ሲሠራ፥ በስሕተት በተሰጠ ትእዛዝ የፊልሙ አብዛኛው ክፍል ከኮምፒዩተሮቹ ተሰረዘ። መጠባበቂያ ቅጂ አለን ብለው ሲከፍቱት በትክክል ሳይቀዳ የቆየ ሆኖ ተገኘ። ፊልሙ የተረፈው ጌሊን ሱስማን የተባለችው የቴክኒክ ኀላፊ ልጅ ወልዳ በቤቷ ትሠራ ስለ ነበር፥ በቤቷ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ቅጂ በመገኘቱ ነው። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፥ ተከፍቶ ያልተፈተነ ቅጂ ቅጂ ተብሎ መቆጠር እንደሌለበት ነው። ሁለተኛው፥ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትን ፊልም ያዳነው፥ የአያቴንም ሁለት ካሴቶች ያዳነው፥ ያው በሌላ ቤት የተቀመጠ አንድ ቅጂ መሆኑ ነው።

ሌላው ስሕተት ሬይድን እንደ ባክአፕ መቁጠር ነው። ሬይድ ሁለት ዲስኮች በአንድ ጊዜ አንድ ነገር እንዲጽፉ ሲያደርግ፥ አንዱ ዲስክ በሞተ ጊዜ ሥራው እንዳይቋረጥ ይረዳል። ነገር ግን አንድ ልጅ በስሕተት ፋይሉን ቢሰርዘው ከሁለቱም ላይ በአንድ ቅጽበት ይሰረዛል። በግንቦት 2017 በብዙ አገሮች የተሠራጨው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ እንዳሳየውም፥ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ በመጣ ጊዜ ዘወትር ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ አብሮ ሊቆለፍ ይችላል። የመጠባበቂያው ዲስክ ከተቀዳ በኋላ ተነቅሎ መቀመጥ ያለበት ስለዚህ ነው። ለረዥም ጊዜ ሳይሰካ በሣጥን ለሚቀመጠውም ከኤስኤስዲና ከፍላሽ ይልቅ ሃርድ ዲስክ ይሻላል፤ ኤስኤስዲ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ብዙ ከቆየ የያዘውን ሊያጣ ይችላልና።

5. ስለ ኤሌክትሪኩ

ከውጭ አገር የሚመጡ የምርጫ ምክሮች ኤሌክትሪኩ የማይቋረጥ አድርገው ይነሣሉ። በእኛ አገር ይህ አይሠራም። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ ዴስክቶፕ ግን መብራት በጠፋበት ቅጽበት ይቆማል፤ በዚያ ጊዜ እየተጻፈ ያለ ፋይል ይበላሻል። ስለዚህ ዩፒኤስ በእኛ ቤት የኮምፒዩተሩ አንድ አካል ነው፤ ሲገዛም በዋጋው ውስጥ አብሮ መታሰብ አለበት። የዩፒኤስ ሥራ ሌሊቱን ማሠራት ሳይሆን፥ ፋይሉን አስቀምጦ በሥርዐት ለማጥፋት የሚበቁ ጥቂት ደቂቃዎችን መስጠት ነው። በላዩ የተጻፈው የቪኤ ቁጥር ከዋት ስለሚበልጥ ገዢው ዋቱን ይጠይቅ። ትልቅ ካርድ የሌለው የቢሮ ዴስክቶፕ ከስክሪኑ ጋር የሚፈልገው ኀይል ጥቂት ስለ ሆነ አነስተኛው ዩፒኤስ ይበቃዋል፤ ግዙፉ የጨዋታ ኮምፒዩተር ግን በዚህም በኩል ወጪ ይጨምራል።

6. ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች «ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ መጫን እየተቻለ ስለ ዲስክ ምን ያስጨንቃል?» ይሉ ይሆናል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ለፎቶግራፍና ለአጫጭር ቪዲዮ እኔም እመክረዋለሁ። ነገር ግን በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 826 ጊጋባይት ለመጫን ሳይቋረጥ 15 ቀን ይፈጃል፤ ኪራዩም በየወሩ ይከፈላል። ያንኑ ቅጂ በአንድ ዲስክ ይዞ ወደ አክስት ቤት መሄድ ግን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በውጭ አገር ዘመድ ያለው ቤተ ሰብም ዲስኩን በሚመለስ እንግዳ እጅ ሊልከው ይችላል፤ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለው ዘመድ የአያቱን መልክ ያገኛል፥ ቤቱም የሩቅ ቅጂ ያገኛል።

ሌሎች ደግሞ «ላፕቶፕ ይሻላል» ይላሉ። ለሚንቀሳቀስ ሰው እውነት ነው። ለተያዘው ሥራ ግን ዴስክቶፑ ሁለተኛ ዲስክ ይቀበላል፥ ራሙ በቀላሉ ይጨመራል፥ የተበላሸው ክፍል ለብቻው ይቀየራል፥ በተመሳሳይ ዋጋም የተሻለ ፕሮሰሰር ይገኝበታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው፤ «ገንዘቡ ውስን ነው፤ ሁለት ተጨማሪ ዲስክ የሚገዛ ማን ነው?» የሚል ነው። መልሴም፥ ገንዘቡ ውስን በመሆኑ ነው ቅደም ተከተሉ የሚያስፈልገው የሚል ነው። ከሰባት ወደ አምስት ዝቅ ብሎ በልዩነቱ አንድ ዲስክ የሚገዛ ሰው ፊልሙን በጥቂት ደቂቃ ዘግይቶ ያወጣል፤ ፊልሙ ግን ይኖረዋል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚከተለው ቅደም ተከተል ይወጣል። መጀመሪያ በቤቱ ያለው ቪዲዮ በሰዓትና በዐይነት ይቆጠር። ሁለተኛ ከበጀቱ ላይ የሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስኮች ዋጋ፥ እያንዳንዳቸው ከቪዲዮው መጠን እጥፍ የሚይዙ፥ ተቀንሶ ይቀመጥ። ሦስተኛ የዩፒኤሱ ዋጋ ይቀነስ። በቀረው ገንዘብ ከስምንተኛ ትውልድ ያላነሰ፥ የራሱ ግራፊክስ ያለው፥ 16 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ የያዘ ዴስክቶፕ ይፈለግ። ግራፊክስ ካርድ የሚታሰበው ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ፥ የቪዲዮውም ዐይነት የሚጠይቀው መሆኑ ከታወቀ ብቻ ነው። ከተገዛም በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ለምሳሌ በዕንቁጣጣሽና በፋሲካ ሰሞን፥ ቅጂዎቹ ተከፍተው ይታዩ፤ ካሴቶቹም ቅጂው በሦስት ቦታ መኖሩ ሳይረጋገጥ አይጣሉ።

ገበያው ይህን ሚዛን እስኪቀበል መጠበቅ አያስፈልገንም። ዘመድ ወዳጅ «ለቪዲዮ ምን ልግዛ?» ብሎ ወደኛ ወደ ተማሪዎቹ ሲመጣ፥ የፕሮሰሰር ስም ከመንገራችን በፊት «ቅጂው የት ይቀመጣል?» ብለን ብንጠይቅ ብዙ ነገር ይድናል። ከጠፋ በኋላ የሚሰጥ ምክር ጅብ ከሄደ የሚጮኸውን ውሻ ይመስላል። አጎቴ በቅርቡ ሌላ ዴስክቶፕ ገዝቷል፤ ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ነው። የተረፉት ሁለት ካሴቶች ፋይል በኮምፒዩተሩ፥ በቁም ሣጥኑ ባለው ዲስክና በአዳማ ይገኛል። በአንደኛው ላይ አያቴ ቡና እያፈላች ካሜራውን «ይህን ነገር ከፊቴ አንሡልኝ» ስትል ትሰማለች። ሌሎቹ ዘጠኙ ምን ይዘው እንደ ነበር ዛሬ የምናወራው በቃል ብቻ ነው።